ቀድሞ የተፈረመው ቃለ ጉባኤ

አክስቴ ፈሪ ናት። ይህን ስል ልዘልፋት ፈልጌ አይደለም፤ እሷም ብትጠየቅ አትክድም። በር ሲንኳኳ ትደነግጣለች፤ ማኅተም ያረፈበት ፖስታ ሲመጣ ሌላ ሰው እንዲከፍትላት ትሰጣለች። እንዲህ ያለችው ሴት ግን የማኅበረሰብ ኮሌጃችን ቦርድ ጸሐፊ ሆና አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሠርታለች። ሰዉም ስሟን ትቶ «እትዬ ቃለ ጉባኤ» ይላታል።

ኮሌጁ የተጀመረው በአንድ አሮጌ የቆዳ መጋዘን ውስጥ ነው። ያቋቋሙት ጥቂት አናጢዎች፣ ነርሶችና ሁለት ጡረተኛ አስተማሪዎች ሲሆኑ፣ በመተዳደሪያ ደንቡ መግቢያ ላይ «መማር የፈለገ ጎልማሳ ማስረጃ የለህም ተብሎ አይመለስም» ብለው ጻፉ። ይህችን አንቀጽ ለመሰረዝ የዘጠኙም የቦርድ አባላት ድምፅ ያስፈልጋል። አክስቴም የገባችው በዚያችው አንቀጽ ነው። መጋዘኑን ልትጠርግ መጥታ ፊደል ቆጠረች፤ ከዚያ የጽሕፈት ሙያ ተምራ እዚያው ቀረች።

ቦርዱ በሐሳብ ተለያይቶ አያውቅም፤ አባላቱም ሁሌ ይቸኩላሉ። ስለዚህ አክስቴ ቃለ ጉባኤውን ከስብሰባው በፊት ጽፋ ትጨርስና አባላቱን ሲገቡ በር ላይ ታስፈርማቸዋለች። ውሳኔው ሁሉ «በሙሉ ድምፅ ጸደቀ» ነው። እኔ የምሠራው ፎቶ ኮፒ ክፍል ስለሆነ ወረቀቱን የማባዛው እኔ ነኝ። «ስብሰባውንስ ለምን አንቺው አትጨርሺላቸውም?» እያልኩ እስቅባት ነበር።

ባለፈው ወር አጀንዳው ያችን አንቀጽ መሰረዝ ሆነ። ሰብሳቢው የኮሌጁን ደረጃ ከፍ ማድረግ ይሻላል ብለው ተናገሩ፤ «ተቃውሞ ያለው?» አሉና መልስ ሳይጠብቁ ወረቀታቸውን ሰበሰቡ። አክስቴ ግን አየች። የነዋሪው ተወካይ አናጢው፣ መጋዝ ሁለት ጣት የወሰደበትን ቀኝ እጃቸውን ከጠረጴዛው ትንሽ ከፍ አድርገው መልሰው አወረዱት። ፊርማቸው ግን ጠዋት በር ላይ አርፏል።

ከዚያ ቀን ወዲህ ምግብ አልወርድ አላት።

«ብናገር፣ ለምን አስቀድመሽ አስፈረምሽ ይሉኛል። ያስሩኛል፣ ልጄ!»

«ዝም በያ!» አልኳት። እኔም ፈርቼ ነበር፤ ቤታችን የሚተዳደረው በሁለታችን ደመወዝ ነው።

«ዝም ካልኩስ?»

በማግስቱ ሬጅስትራሩ «ማስረጃ የሌለው አይመዘገብም» የሚል ማስታወቂያ እንዳባዛ ሰጠኝ። አክስቴ ከማሽኑ የወጣውን የመጀመሪያውን ቅጂ አንስታ አነበበችው፤ ከዚያም መልሳ አስቀመጠችው። እኔም መቶ ቅጂ አባዝቼ ሰጠሁ። እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

የሚቀጥለው ስብሰባ ደረሰ። ስብሰባ ሁሉ የሚከፈተው ያለፈውን ቃለ ጉባኤ በማንበብ ነው። እኔ ወረቀት አድዬ ግድግዳ ጥግ ቆሜያለሁ። አክስቴ ተነሣች። ወረቀቱን ዘርግታ ማንበብ ጀመረች። ስለ አንቀጹ መሰረዝ የተጻፈው ጋ ስትደርስ ማንበቧን አቆመች።

«ይኼ ልክ አይደለም» አለች። «አንድ የተነሣ እጅ ነበር። የፈረማችሁትም ከስብሰባው በፊት ነው። ያስፈረምኳችሁ እኔ ነኝ።»

የሰብሳቢው ፊት ተለዋወጠ። «የማን እጅ?»

አክስቴ ስም አልጠራችም፤ ወደ ማንም አላየችም። አናጢው ሁለቱንም እጃቸውን ጠረጴዛ ሥር ከተቱ። ይናገሩ ብዬ ለመንኩ፣ በልቤ። እሳቸው ግን ጠረጴዛውን ያያሉ።

«እንግዲያው» አሉ ሰብሳቢው፣ «ለሐሰተኛ ቃለ ጉባኤ ጸሐፊዋ ከሥራ ይታገዱ። ይጻፉት።»

አክስቴ ተቀመጠች፤ እስክሪብቶዋን አነሣች። የራሷን መታገድ ልትጽፍ! ከዚያ ጠየቀች፦

«በሙሉ ድምፅ ልበል ወይስ ይቆጠር?»

«ይቆጠራ!» አሉ ሰብሳቢው ተቆጥተው።

ስምንት እጅ ወጣ።

«ተቃውሞ ያለው?» አለች አክስቴ፣ ቀና ሳትል። ጠበቀች።

ሦስት ጣት ያለው እጅ ከጠረጴዛው ሥር ወጥቶ ከራስ በላይ ከፍ አለ፤ አልወረደምም። «ለዚህም፣ ለባለፈውም» አሉ አናጢው።

ዘጠኝ ድምፅ ስላልሞላ አንቀጹ አልተሰረዘም፤ ማስታወቂያውን በማግስቱ እኔው ራሴ ከግድግዳ አነሣሁት። አክስቴ ግን ታገደች። «ስምንት ድጋፍ፣ አንድ ተቃውሞ» ብላ ጻፈችና ወረቀቱን ለአባላቱ አዞረች። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ፣ ስብሰባው ካለቀ በኋላ የተፈረመ ቃለ ጉባኤዋ እሱ ብቻ ነው።