ያልመጡት የነሐሴ ኮከቦች

ክላሪ ሆስኪንግ ዕድሜ ልኩን በከባድ መኪና ስንዴ ሲያመላልስ ኖሮ ጡረታ ሲወጣ ቴሌስኮፕ ገዛ። ከዚያ ወዲያ በዚያች የደቡብ አውስትራሊያ የስንዴ ከተማ ስለ ሰማይ የሚጠየቀው እሱ ሆነ። መጠየቁን ደግሞ ይወደው ነበር፤ እንዲያውም ከልክ በላይ።

አንድ ክረምት ከእንግሊዝ የመጣ መጽሔት ላይ በነሐሴ አጋማሽ ተወርዋሪ ኮከብ እንደ ጉድ እንደሚወርድ አነበበ። አንብቦ ዝም ቢል ምን ነበረበት! ከተማውን በሙሉ ኳስ ሜዳ ጠራ። ጎረቤቱን ወይዘሮ ቬራ ኖስኬን ግን ራሱ ደግፎ ነው ያመጣቸው። የወይዘሮዋ ዓይን ከወር ወር እየደከመ ነበር፤ ሐኪሙም ብዙ እንደማይቆይ ነግሯቸዋል። "ዓይኔ ሳይጠፋ አንዴ ያንን ተወርዋሪ ኮከብ አሳየኝ" ሲሉት "ለዚህማ እኔ አለሁልዎት" ብሎ ቃል ገብቶላቸዋል።

ሰዉ ቅዳሜ ቅዳሜ ጨዋታ እንደሚያየው መኪናውን በሜዳው ዙሪያ ፊቱን ወደ ውስጥ አዙሮ አቆመ። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ተጠበቀ፣ ተጠበቀ፤ ከሰማይ ጠብ ያለ ነገር የለም።

"ክላሪ፣ ኮከቦችህ መንገድ ጠፋባቸው እንዴ?" አለ ሥጋ ሻጩ መርቭ በመኪናው መስኮት።

"ትኬት ሳይቆርጡ ቀርተው ይሆናል" አለች ከጎኑ የተቀመጠችው ሚስቱ።

አንዱ ክላክስ አደረገ፤ ሌላው ተከተለው። ይሄኔ ወይዘሮ ቬራ ከወንበራቸው ብድግ ብለው ወደ ጨለማው ጠቆሙ።

"ያውላችሁ፣ አየሁት። ትልቅ ነው።"

"ይገርማል፣ ከሁላችን መርጦ ለቬራ ታያቸው" አለ መርቭ። ጎል ሲገባ እንደሚደረገው የመኪናው ሁሉ ክላክስ ባንዴ ጮኸ። በክላሪ ሲሳቅ የነበረው ሳቅ ወደ እሳቸው ዞረ። ክላሪ ምንም እንዳላዩ ያውቃል። ጥፋቱ የኔ ነው ማለት ይችል ነበር። እሱ ግን በዚያ ሁሉ ሰው ፊት "አላልኳችሁም?" አለ።

ስህተቱ የገባው በኋላ፣ መጽሔቱን ደግሞ ሲያነብ ነው። የተጻፈው ነሐሴ በጋቸው ለሆነው፣ በሸሚዝ ሣር ላይ ለሚጋደሙት ለሰሜኑ የምድር ክፍል ሰዎች ነበር። በሳምንቱ ወይዘሮ ቬራ ቤት ሄዶ፣ ዓይኑን ጠረጴዛው ላይ ተክሎ አስረዳቸው።

"ጅራታም ኮከብ ፀሐይን ሲዞር አቧራውን መንገዱ ላይ እያንጠባጠበ ነው የሚሄደው፤ እኛ በመከር ስንዴ እንደምናንጠባጥበው። ምድርም በየዓመቱ በዚያው ሰሞን መንገዱን ታቋርጣለች። አቧራው ከአየራችን ሲላተም ይነዳል፤ የምናየው እሱን ነው።"

"ታዲያ የኛ ለምን ቀረ?"

"አቧራው ከአንድ አቅጣጫ ነው የሚመጣው። የነሐሴው የሚመጣበት የሰማይ ቦታ እኛ አገር ከአድማስ በላይ አይወጣም። ለኛ የሚያምረው ሃሌ የሚባለው የሌላ ጅራታም ኮከብ አቧራ ነው፤ በግንቦት መግቢያ፣ ሊነጋጋ ሲል።"

"ግንቦት" አሉ ወይዘሮ ቬራ፤ የቀሩትን ወራት በጣታቸው ቆጠሩ። ክላሪ መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። ስለዚያ ምሽት ይቅርታ ሊጠይቅ ነበር የመጣው፤ ሳይጠይቅ ወጣ።

ግንቦት ሲመጣ ዓይናቸው ጨርሶ ጠፍቶ ነበር። ቢሆንም "ውሰደኝ" አሉት። ክላሪ በዚህ ጊዜ ማንንም አልጠራም፤ ጎህ ሳይቀድ ሁለቱ ብቻ ሜዳው ዳር ተቀመጡ። ብዙም ሳይቆዩ አንድ ኮከብ ከምሥራቅ ተወርውሮ ሰማዩን ሰንጥቆ አለፈ። ክላሪ ሳያስበው ትንፋሹን ሳበ።

"መጣ?" አሉ ወይዘሮ ቬራ።

"መጣ። ከምሥራቅ ተነሥቶ በራሳችን ላይ አለፈ። የሄደበት መስመር አሁንም ያበራል።"

"እውነትህን ነው?"

"እውነቴን ነው፣ ወይዘሮ ቬራ። እምልልዎታለሁ።"

ብርድ ልብሱን ወደ ጉልበታቸው ሳብ አደረጉ።

"ግድ የለም ልጄ" አሉት ረጋ ብለው። "እኔም ያን ለት ላንተ ብዬ እንዲሁ ነው አየሁት ያልኩት።"

ሌላ ኮከብ ወረደ። ክላሪ አየው፤ መናገር ግን አፈረ።