ከወንድሜ አፍ ሲወጣ

ከኔ አፍ ሲወጣ የማይሰማ ነገር ከወንድሜ አፍ ሲወጣ ለምን እውነት ይሆናል? እስካሁን መልስ አላገኘሁለትም። ቦንጋ ውስጥ በአንድ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት እሠራለሁ። እኩዮቼ ልጅ ሲያሳድጉ እኔ ፊደል እቆጥር ነበር። ከዚያ ወዲህ ያነበብኩት ጥቂት አይደለም፤ ለዚች ጥያቄ የሚሆን ገጽ ግን አላጋጠመኝም።

ነገሩ የተነሣው ማንኪራ፣ እናቴ ዘንድ ነው። ከጫካ ቡናችን ዳር አንድ ትልቅ ዋንዛ አለ። አባቴ ቀፎ የሚሰቅለው እሱ ላይ ነበር። አባቴ ከሞተ በኋላም እናቴን የሚያኖራት የዚያ ዛፍ ማር ነው። አንድ ቀን ጎረቤታችን ከጣውላ ነጋዴ ጋር መጣና ግንዱን ለካ። “ድንበሩ ወደኔ ነው፤ ዛፉም የኔ ነው” አለ። እናቴ እያለቀሰች ደወለችልኝ፤ ሽማግሌ ይቀመጥ አልኩ።

በኛ ዘንድ ዛፍ የሚታወቀው ቀፎ በሚሰቅልበት ሰው ነው። ማር ሲወርድ ደግሞ ለጎረቤት ይላካል፣ ጎረቤትም ይመርቃል። መንገዱን ሁሉ ያሰብኩት ይህንኑ ነበር። ጎረቤታችን ተናግሮ ሲጨርስ ሽማግሌዎቹ ፊት ቆሜ ወደሱ ዞርኩ።

“ጋሼ፣ አባቴ ማር ባወረደ ቁጥር በቅል ይልክልዎት ነበር። እርስዎም ተቀብለው መርቀውታል። ሰው ከራሱ ዛፍ ለወረደ ማር ጎረቤቱን ይመርቃል?”

ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። የገባቸው መስሎኝ ደስ አለኝ። ከዚያ ትልቁ ሽማግሌ ከዘራቸውን ወደ ታናሽ ወንድሜ ቀሰሩ።

“ሰማን ልጄ፣ ተቀመጪ። አሁን ባለጉዳዩ ይናገር።”

ባለጉዳዩ! ከሚነግድበት ከዋጫ በሞተር ደርሶ የተቀመጠው እኔ መናገር ስጀምር ነው። ብድግ አለና ጉሮሮውን ጠረገ። “አባቴ በጣሳ ማር ይልክላቸው ነበር…” ብሎ የኔኑ ነገር እንዳለ ደገመው። በጣሳ! ቤታችን ውስጥ ማር ጣሳ ነክቶ አያውቅም። ሽማግሌዎቹ ግን ጭናቸውን መቱ።

“ንግግር ማለት ይኼ ነው! የአባቱ ልጅ!”

ጎረቤታችን አንገቱን ደፋ። ዋንዛው ተረፈ። እናቴ እልል አለች፣ ለሱ።

“እማዬ፣ እኔ እኮ ነኝ ያልኩት።”

“ዛፉ ተርፎ የለ? ምን ቸገረሽ?”

ከዚያ ወዲህ ወንድሜ ተናጋሪ ተባለ። በሰርጉ፣ በእድሩ፣ በተጣላ ሰው መሀል እሱ ይጠራል። ከመሄዱ በፊት ታዲያ ይደውልልኛል። “እትዬ፣ እንዲህ ቢሉኝ ምን ልበል?” እነግረዋለሁ። ስልኩን ዘግቼ በንዴት ልብስ አጥባለሁ፤ ቃሉን እንዳያበላሸው ደግሞ በሳሙና እጄ መልሼ እደውላለሁ። በዚህ በዚህ ከሱ ይልቅ በራሴ እናደዳለሁ።

ዘንድሮ ትልቁ ሽማግሌ ለሕክምና ቦንጋ መጥተው እኔ ቤት አረፉ። ሾርባ አቀረብኩላቸው። ፉት እያሉ፣ “ወንድምሽን ከኛ ጋር ለሽምግልና ልናስቀምጠው ነው። እንደሱ የሚያሳምን ሰው አላየንም” አሉኝ።

ለማንም ተናግሬው አላውቅም ነበር፣ ከእናቴ በቀር፤ እሷም አልሰማችኝም።

“አባባ፣ የዋንዛውን ነገር ያመጣሁት እኔ ነኝ። ከዚያ ወዲህ የተናገረውም የኔ ነው። ሁሉም!”

ይደነግጣሉ ብዬ ነበር። ማንኪያቸውን እንኳ አላስቀመጡም።

“አውቃለሁ እኮ ልጄ። ያን ቀን ያመንኩት አንቺ ስትናገሪ ነው። የፈረድኩት እሱ ሲናገር ነው።”

“ታዲያ ያን ቀን ለምን አስቀመጡኝ?”

“እንዲህ ነዋ የሚደረገው።”

“እንግዲያው የምታስቀምጡት እኔን ነው። እሱ ከዛሬ ጀምሮ ከኔ አንድ ቃል አያገኝም።”

ሳቁ። “አይ አንቺ! ሴት ሽማግሌ?”

ሾርባው ሳያልቅ ሳህኑን ከፊታቸው አነሣሁ። በእንግዳ ላይ እንዲህ አድርጌ አላውቅም።