ባዶ መሆን እምቢ ያለው ካርቶን

ሉዝቪሚንዳ የሚለውን ስም ያወጣላት አባቷ ነው፤ የፊሊፒንስን ሦስት የደሴት ክፍሎች ስም ቆራርጦ ሰፋና አወጣላት። ሕፃን ላይ አገር ሙሉ ይጫናል? ኩዌት ስትመጣ ስሙ አጥሮ «አቴ ሚንዳ» ሆነ፣ ታላቅ እህታችን እንደማለት። ማንም ሳይሾማት የሰፈሩ የፊሊፒን ሠራተኞች ሁሉ ጠበቃ ሆና ቁጭ አለች። ሙያዋ ምግብ ማብሰል፣ ፍቅሯ ጠብ ነው። እግዜር ቅንድብ ስለነፈጋት በየጠዋቱ ሁለት ደጋን የመሰሉ ቅንድቦች ትኳላለች፤ ሳትኳል ከማንም ጋር አትጣላም።

ሚንዳ ከምትሠራበት ቤት ጎረቤት የምትሠራው ጆቬሊን ኮንትራቷ ካለቀ ቆይቷል። ማዳሟ «ከረመዳን በኋላ ትሄጃለሽ» አለች፤ ረመዳን አለፈ። «ከልጄ ሠርግ በኋላ» አለች፤ ልጅቷ ተዳረች። አሁን የልጅ ልጅ እየተጠበቀ ነው። በሩ ይቆለፋል፣ ፓስፖርቷም የማዳም ቁም ሳጥን ውስጥ ነው። ሚንዳና ጆቬሊን የሚያወሩት በየጣሪያቸው ላይ ልብስ ሲያሰጡ ብቻ ነበር።

«አቴ፣ እዚሁ መሞቴ ነው።»

«ለመሞትም የማዳም ፈቃድ ያስፈልግሻል። ይልቅ ስሚኝ።»

ከዚያ ቤት ያለ ጥያቄ የሚወጣ አንድ ነገር ነበር፦ ካርቶን። ፊሊፒናዊት ሁሉ ወር በወር እየሞላች በመርከብ ለቤተሰቧ የምትልከው፣ ፍሪጅ የሚያህል ካርቶን። የሚንዳ ዕቅድ ይህ ነበር፦ ካርቶን የሚያመላልሰው ጫኚ ኤርኒንግ አርብ ይመጣል፤ ጆቬሊን ካርቶኑ ውስጥ ትገባለች፤ እሱና ሚንዳ ተሸክመው የአገራቸው ኤምባሲ ለሠራተኞች ያዘጋጀው መጠለያ ያደርሷታል።

«ባዶውን አቆዪው» አለች ሚንዳ። «ገባሽ? ባዶውን!»

አርብ ሚንዳ የጫኚ ሰደርያ፣ ኮፍያና የአፍ መሸፈኛ አድርጋ ከኤርኒንግ ጋር ገባች። ካርቶኑ መግቢያው ላይ ሆዱ ተነፍቶ፣ በፕላስተር ተጠፍሮ ቆሟል። ጆቬሊን አጠገቡ አንገቷን ደፍታለች።

«ምንድነው ይሄ?» አለች ሚንዳ በአገራቸው ቋንቋ።

«ትንሽ ነገር ጨመርኩበት። የታሸገ ሥጋ… ሳሙና… ለእህቴ ልጆች ጫማ…»

«አንቺስ የት ልትገቢ ነው? ጫማው ውስጥ?»

«አቴ፣ ባዶ ሆኖ አፍጥጦ ሲያየኝ ጊዜ እጄ እምቢ አለኝ!»

ሚንዳ ልታንቃት ፈለገች። ግን ባዶ ካርቶን እያየ ዝም የሚል የአገሯ ልጅ አታውቅም፤ እሷም ዝም አትልም።

ኤርኒንግ አጎንብሶ ያዘ። ወገቡ ጮኸ፤ ካርቶኑ ንቅንቅ አላለም።

«ያንን ነገር ከመግቢያዬ አንሱት!» አለች ማዳም ከሳሎን ብቅ ብላ። «እንግዶቼ ደረሱ!»

የሚንዳ ምላስ ከአእምሮዋ ቀደመ። «ማዳም፣ አንድ ሰው ጎደለን። እርስዎ በዚህ ጫፍ ቢይዙልን…»

«እኔ?!» ማዳም ደረቷን ያዘች። «እኔ ካርቶን ልሸከም? ጆቬሊን! ያዢ! እስከ መኪናው ድረስ!»

ጆቬሊን ያዘች። በማዳም ትእዛዝ፣ በማዳም በር፣ በጠራራ ፀሐይ ወጣች። መንገድ እንዲህ ሰፊ መሆኑን ረስታ ኖሮ አፏን ከፍታ ቀረች።

«በኋላ ታዪዋለሽ፤ ግቢ!» ብላ ሚንዳ መኪናው ውስጥ ወረወረቻት።

መንገዱን ሙሉ ስትሰድባት ሄደች። መጠለያው በር ላይ ግን የካርቶኑን አንድ ጥግ በጣቷ ጫን አለች፤ ትንሽ ክፍተት አለው። ክፍተት እያየች እንዴት ዝም ትበል? ፕላስተሩን ላጠችና ከኪሷ ያለቻትን አንዲት የቅንድብ መኳያ አውጥታ ወሸቀች።

«ለእናትሽ» አለች። «አንቺን ወልዳ ቅንድቧ ሳይረግፍ አይቀርም።»

ጆቬሊን እየሳቀች አለቀሰች።

በማግስቱ ያቺ ማዳም ቤት ለቤት እየዞረች ፊሊፒናውያን ሠራተኞችን ታሰልፍ ጀመር። የምትፈልገው ከአፍ መሸፈኛው በላይ ያየችውን ደጋን ቅንድብ ነው፤ ካገኘችው ሚንዳ ወይ ፖሊስ ጣቢያ ናት፣ ወይ አውሮፕላን ላይ። ሚንዳ ማንኪያዋን እንደያዘች ከማድ ቤት ወጣች። ማዳም ፊቷን ከግንባር እስከ አገጭ አየችው፤ ልሙጥ ነው።

«ይቺ አይደለችም» አለችና ሄደች።

የሚንዳ ስድብ አፏ ድረስ መጥቶ ነበር። ግን ያለ ቅንድብ አይሆንም ብላ ወጡን ልታማስል ተመለሰች።