ባልና ሚስቱን እህትና ወንድም ያደረገው መዝገብ

ሐሙስ ጠዋት ነው፤ ዘመኑ ደርግ። ድሬዳዋ፣ መዝገብ ቤት ውስጥ ሁለት ትልልቅ መዝገብ ፊቴ ዘርግቼ አፍጥጬባቸዋለሁ... ውጭ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው የሚጠብቁኝ ባልና ሚስት፣ እህትና ወንድም ናቸው!

ቆይ፣ ከመጀመሪያው ልንገራችሁ።

ከደብረ ማርቆስ ተመድቤ ድሬ ከገባሁ ገና ሦስተኛ ሳምንቴ ነበር። ጋሽ ሙሜና ሚስታቸው እትዬ አሚና ከዋሂል በኩል የመጡ ገበሬዎች ናቸው። ልጃቸው ሐሊማ ሐረር ለነርስነት ትምህርት ተመርጣለች። ከመንደሩ ልጆች የመጀመሪያዋ! ግን የእናትና የአባቷ የትውልድ ማስረጃ ከመዝገብ ተጣርቶ እስከ ዓርብ ምሳ ሰዓት ካልደረሰ ቦታዋ ለሌላ ይሰጣል።

«እርስዎ አያስቡ፣ ፈልጌ አገኘዋለሁ» አልኳቸው።

«እርስዎ ማነው? እኔ ሙሜ ነኝ አቦ!» አሉኝ። ድሬ ውስጥ ሰው ሁሉ «አንተ» እንደሚባባል ገና አልገባኝም ነበር።

በጃንሆይ ጊዜ አንድ ጸሐፊ በየመንደሩ እየዞረ ነዋሪውን የመዘገበባቸው መዝገቦች ነበሩን። ጋሽ ሙሜ ያደጉበትን መንደር መዝገብ ከመደርደሪያው አወረድኩ፣ እትዬ አሚና ያደጉበትንም። ምሥጥ የበላው ገጽ፣ የደበዘዘ ቀለም... ሁለት ቀን ሙሉ አንድ ስም ሳልዘል አነበብኩ። መርማሪ ፖሊስ የሆንኩ ነው የመሰለኝ!

ሐሙስ ጠዋት «ሙሜ» የሚል አገኘሁ። መንደሩ ልክ፣ ዕድሜው ልክ፣ እዚያ መንደር ሌላ ሙሜ የለም። ከወንበሬ ዘለልኩ! የአባት ስም፦ ሂንቤኩ። እሳቸው የነገሩኝ ግን «ሙሜ አልይ» ብለው ነው። ግራ ገባኝ... ከአንድ ሰዓት በኋላ ደግሞ «አሚና» ተገኘች። የአባት ስም፦ ሂንቤኩ።

ክው አልኩ። ለካ የአባታቸውን ስም የለወጡት ለዚህ ነው!

አለቃዬን እንዳላማክር ስብሰባ ላይ ናቸው። ያኔ አለቃ ማለት ስብሰባ ማለት ነው። ምን ላድርግ... ባልና ሚስቱን አስገብቼ በሩን ዘጋሁ።

«ጋሽ ሙሜ፣ አባትዎ ማን ነበሩ?»

«አልይ።»

«የእትዬ አሚናስ?»

«ቡሽራ። ነገርኩህ እኮ!»

«እውነቱን ቢነግሩኝ ይሻላል። መዝገቡ የአንድ አባት ልጆች ናችሁ ይላል።»

ጋሽ ሙሜ ደማቸው ከፊታቸው ጠፋ። «አስተግፊሩላህ! አምስት ልጅ ወልደናል! ማነው ይሄ ሰውዬ?»

«ሂንቤኩ» አልኩ ድምፄን ዝቅ አድርጌ።

እትዬ አሚና አማርኛ አይሰሙም፤ እስካሁን ዝም ብለው ነበር የሚያዩን። ይቺን ቃል ሲሰሙ ግን ቀና አሉ። «ማል ጄዴ?» ምን አለ? ብለው ባላቸውን ጠየቁ። ባላቸው ደገሙላቸው... ሴትዮዋ ሳቅ ጀመሩ። ሳቅ ብላችሁ ሳቅ! በሻሻቸው አፋቸውን ይዘው አግድም ተደፉ። ጋሽ ሙሜም ተከተሉ። እኔ መሐል ላይ እንደ ጅል ቆሜያለሁ።

«አቦ አንተ ልጅ! ሂን ቤኩ ሰው አይደለም። በኦሮምኛ አላውቅም ማለት ነው!»

እትዬ አሚና ጸሐፊውን ያስታውሱታል፤ ባርኔጣ ያደረገ፣ የሚቸኩል ሰው። ስማቸውን ነገሩት። ቀጥሎ በአማርኛ የጠየቃቸው አልገባቸውምና «ሂን ቤኩ» አሉት። እሱም ጽፎ ሄደ! ገጹን ብገልጠው... ሂንቤኩ፣ ሂንቤኩ፣ ሂንቤኩ። ግማሽ መንደሩ የአንድ አባት ልጅ ነው።

ሳቁ ግን አልቆየም። አለቃዬ ከስብሰባ ወጥተው ነገሩን ሲሰሙ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«መዝገብ መዝገብ ነው። ከመዝገቡ ውጭ አንድ ቃል ብትጽፍ አልፈርምም።»

ጋሽ ሙሜ ኩርምት አሉ። «ልጄ በአንድ ቃል ልትቀር ነው?»

ንዴቴ መጣ። ሁለት ቀን አቧራ የቃምኩት ለዚህ ነው?

«እሺ ጓድ» አልኩ፣ «እንደ መዝገቡ እጽፈዋለሁ። የሙሜ አባት፦ አላውቅም። የአሚና አባት፦ አላውቅም። ከሥር እርስዎ ይፈርሙበታል።»

«እኔ? አላውቅም በሚል ወረቀት ላይ ልፈርም? የበላይ አካል ቢያየውስ?»

ብዕሬን አነሳሁ። አለቃዬ ላባቸውን ጠረጉ... «በሉ፣ ሦስት ሽማግሌ አምጡና ይመስክሩ።»

ዓርብ ጠዋት ሽማግሌዎቹ መጡ። የሁለቱንም ሰባት ቤት ትውልድ ቆመው ቆጠሩት፤ አልይ፣ ዑመር፣ ሮባ... አንዴም ሳይደናቀፉ! የሙሜና የአሚና ዘር የትም አይገናኝም። እኔ እጄ እስኪዝል ጻፍኩ። ማኅተሙ ሲያርፍ እልል ልል ምንም አልቀረኝም። ለምሳ ሰዓት አንድ ሰዓት ሲቀረው ወረቀቱ በሰው እጅ ሐረር ገብቷል፤ ሐሊማም ኋላ ነርስ ሆናለች።

ሊሄዱ ሲሉ ጋሽ ሙሜ ዞር አሉ።

«አንተስ? እስቲ ሰባትህን ቁጠር!»

ደረቴን ነፋሁ። አባቴ... አያቴ... ቅድመ አያቴ... ከዚያስ? ጣሪያውን አየሁ፣ መዝገቡን አየሁ፣ ላብ አጠመቀኝ።

«ሂን ቤኩ» አልኩ።

እትዬ አሚና እጃቸውን ዘርግተው ጥምጥም አሉብኝ። «ኦቦሌሳ ኪያ!» አሉ። ወንድሜ!

ድሬ ላይ የመጀመሪያ ዘመዴን ያገኘሁት እንዲህ ነው።