የባጃጁ የኋላ ወንበር

«አንቺማ የማትዋሺዋ ልጅ ነሽ!» አለችኝ ብርቱካን ባለፈው ቅዳሜ አሞራ ገደል አሳ ገበያ፣ ተራ በያዙት ደንበኞቿ ፊት፣ ዘይት የለበለበውን እጇን በሽርጧ እየጠረገች። አሳ ልገዛ ነበር የሄድኩት። ዋሸሁ፤ አንድ ነገር ልነግራት ነበር፣ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ከጨረስኩ ጀምሮ ዛሬ ነገ ስል የከረምኩትን። ግን የመጥበሻው ሽታ አፍንጫዬ ውስጥ ሲገባ ቃሉ ጠፋኝና የድሮው የምሥራቅ ሰፈር ግቢያችን መጣብኝ።

በእኛና በእነብርቱካን ቤት መሀል ያለው አንድ ቆርቆሮ ነበር። እናቷ እትዬ አማረች ደጃፉ ላይ አሳ ጠብሰው ስለሚሸጡ ልብሳችን፣ ደብተራችን፣ የእሁድ ቀሚሴ እንኳ ሳይቀር አሳ አሳ ይላል፤ ክፍል ውስጥ ስሜ በሐይቁ አሳ ስም «ቆሮሶ» ነበር። ብርቱካን ያኔ ሃያ ሁለት ቢሆናት ነው። ጠዋት ጠዋት ሐይቁ ዳር ወርዳ አሳ ገዝታ በአንድ የታወቀ ባጃጅ ትመለሳለች፤ የኋላው ወንበር በአሳ ሳፋ ስለሚሞላ እሷ ከሹፌሩ ጎን ተጣብቃ፣ አንድ እግሯን ወደ ውጭ አንጠልጥላ ትመጣለች፤ ሳቋ ከጡሩንባው ቀድሞ ሰፈር ይገባል። እኔ ሮጬ የሳፋውን አንድ ጆሮ እይዝላታለሁ፤ ለድካሜም አንድ የአሳ ጭንቅላት አላጣም።

በዚያ ክረምት የፒያሳ ነጋዴ ልጅ ሊያገባት ጠየቀ። በእኛ ቤተ ክርስቲያን ደግሞ ሳይጣራ ጋብቻ የለም፤ ሽማግሌ ወደ ሰፈር ይላክና የልጅቷ አመል ይጠየቃል። የተላኩት ሰውዬ ብልጥ ነበሩ። ትልቅ ሰው ወይ ያሞግሳል ወይ ይቀናል፣ ልጅ ግን አይዋሽም ብለው፣ አዋቂውን ሁሉ አልፈው ቦኖው ጋ ጄሪካኔን አሰልፌ የቆምኩትን የዘጠኝ ዓመቷን እኔን ጠሩኝ። ጎንበስ ብለው፣ ዓይን ዓይኔን እያዩ። እንደዚያ አድርጎ የሰማኝ አዋቂ ከዚያ በፊት አልነበረም፤ ከዚያም ወዲህ አላስታውስም።

«ብርቱካን ጠዋት ከማን ጋር ነው የምትመጣው?»

«ከባጃጁ ሹፌር ጋር።»

«የት ትቀመጣለች?»

«ከሱ ጎን ነዋ! ተጣብቀው!»

ፊታቸው ሲለወጥ አየሁ፤ ደስ አለኝ። «ደግሞ ይሳሳቃሉ» አልኩ፣ ማንም ሳይጠይቀኝ። ስለ ሳፋው አልጠየቁኝም፣ እኔም አልነገርኳቸውም፤ አሳ የገባበት ወሬ ምኑ ወሬ ነው? «ጌታ ይባርክሽ» ብለው ከረሜላ ሰጡኝ።

ሽማግሌውም ልጁም ያንን ደጃፍ ዳግመኛ አልረገጡም። ብርቱካን የጎረቤት ልጅ ምን እንዳለች ሰምታ፣ ኋላው እኮ በአሳ ተሞልቶ ነው ብላ ብትምል «እሷማ ምክንያት አታጣም» ተባለ። አንድ ጠዋት መጥተው ቢያዩ ይበቃቸው ነበር። አልመጡም። ያንን ባጃጅ ተወችው፤ ሳፋውን በጭንቅላቷ ተሸክማ በእግሯ መምጣት ጀመረች፣ ድምፅዋም ሳይሰማ በር ላይ ትደርሳለች። ሌላ ጠያቂም አልመጣላትም፤ ሰፈሩ አንዴ ያለውን አይመልስም። እትዬ አማረች ሞቱ፣ ግቢው ፎቅ ሆነ፣ አሳውም እያነሰ ሄዶ የዛሬው ቆሮሶ መዳፌን አይሞላም። ብርቱካን ብቻዋን መጥበሻው ላይ ቀረች፤ ባለፈው ቅዳሜ የሳቀችልኝ ሳቅ የድሮው አይደለም፣ ከጉሮሮዋ አያልፍም።

«ብርትዬ፣ ያኔ...» አልኩ።

«ተይው ባክሽ!» አለችኝ፣ አሳውን በጋዜጣ እየጠቀለለች። «አልተቀየምኩሽም እኮ። ከፊት ያለውን አየሽ፣ ያየሽውን ተናገርሽ። ኋላ ያለውን ልጅ የት ያየዋል?»

ሳፋውን አብሬያት አወርድ እንደነበር ረስታዋለች፤ ወይ መርሳቱን መርጣለች። አፌን ከፈትኩ። ከኋላዬ ያለው ደንበኛ «እህት፣ እንፍጠን» አለ። ብርቱካን በጥቅሉ ላይ አንድ የአሳ ጭንቅላት ጣል አድርጋ «እቺ የድሮዋ ድርሻሽ ናት» አለችኝ።

ተቀበልኳት። «ተባረኪ» አልኩና ባጃጅ አስቁሜ፣ ከኋላ ገብቼ ሄድኩ።