ማክሰኞ ያልታጨደ ገብስ

የኅዳር ሰማይ ሰው ያዘናጋል። ክረምቱ ወጥቶ፣ የመስቀል አበባው ረግፎ፣ ቆላው እስከ ታች ድረስ ጥርት ብሎ ሲታይ ዝናብ የሚባል ነገር አገሩን ለቆ የሄደ ይመስላል። ጧት ሣሩ ላይ አመዳይ ይጋገራል፤ ፀሐይ ሲወጣ ይቀልጣል፤ ቀትር ላይ ደረቅ ነፋስ ይነሣና የደረሰውን ገብስ ያንሿሿዋል። ስለዚያች ሳምንት ሲነሣ በሰማዩ የማያመካኝ ሰው የለም። እኔም ብዙ ዘመን በሰማዩ አመካኝቻለሁ። ሰማዩ ግን አልዋሸም። የዋሸሁት እኔ ነኝ።

ጊዜው ንጉሡ ግቢያቸውን ከአንኮበር ወደ እንጦጦ ማዞር የጀመሩበት ሰሞን ነው። ሹማምንቱና ወታደሩ ተከትሎ ሲሄድ ከተማዋ ብትሳሳም ተማሪ አልጎደለባትም። ከከተማዋ በታች፣ ተዳፋቱ ላይ ባለች አንዲት ደብር ዙሪያ ጎጆዎቻችን ተኮልኩለው ነበር። ከመንዝም ከቡልጋም የመጣን የቅኔና የዜማ ተማሪዎች እዚያ እንማራለን፤ ስንዘምር መንደሩን እናስነሣለን፤ ሲርበን ደግሞ የመንደሩን ደጅ እንጠናለን። እኔ ያኔ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው። ድቁና ተቀብያለሁ፤ ቅኔም ጀምሬያለሁ። ከሁሉ በላይ ግን አዋቂ መባል እወድ ነበር።

ሁለት ዓመት የመገቡኝ አንዲት ባልቴት ነበሩ። ባላቸው ከሞተ ወዲህ ያላቸው ሁለት በሬና አንድ ማሳ ገብስ ነው። ደጃቸው ቆሜ «በእንተ ስማ ለማርያም» ስል አንድ ቀን እንኳ «እግዜር ይስጥልን» ብለው ባዶ እጄን አልመለሱኝም። ውለታ አልጠየቁኝም፤ የሚጠይቁኝ ቀን ብቻ ነበር። በእኛ አገር ገበሬ ሰማዩን ራሱ ያያል፤ በዓሉን ግን ተማሪ ይጠይቃል። «ነገ ይሠራል?» ይሉኛል፤ እኔም «ይሠራል» ወይም «አይሠራም» እላለሁ። የእሳቸው ሥራም ዕረፍትም በእኔ አፍ ነበር።

በዚያ ዓመት ቁስቋም እሑድ ዋለች። ያን ሁሉ የጽጌ ወራት ጾመን፣ ሌሊት ሌሊት ለማኅሌት ቆመን እግራችን አብጦ ነበር። ሰኞ ደግሞ ጊዮርጊስ ነው፤ ያም የታወቀ ነው፣ ገበሬ ማጭድ አያነሣም። ባልቴቷ ለማክሰኞ ደቦ ጠርተዋል። እኔም ከመስከረም ጀምሮ «ለአጨዳው አለሁ» ብዬ ቃል ገብቻለሁ። ታዲያ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ወሬ መጣ። ከላይ መንደር የአንድ ባለጸጋ ተዝካር ማክሰኞ ይወጣል፤ ሁለት ሰንጋ ይታረዳል፤ ተማሪ ሁሉ ተጠርቷል። ረቡዕ ጾም ነው። የነቢያት ጾምም በደጅ ነው። ሥጋ ማለት እንግዲህ ማክሰኞ ነው።

ሰኞ ማታ ባልቴቷ በጎጆዬ በኩል ሲያልፉ ቆሙ።

«አንተ ልጅ፣ ነገ ይሠራል አይደል?» አሉኝ።

ነገ የአርባዕቱ እንስሳ ዕለት ነበር፤ የእግዚአብሔርን መንበር የሚሸከሙት የአራቱ። የኔታ በዚያው ሳምንት፣ በእኔው ፊት፣ «ማኅሌቱ የእኛ ነው እንጂ ገበሬ አይታሰርበትም» ብለው ነበር። ሰምቻለሁ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይሉ የለ?

«አይሠራም እናቴ» አልኋቸው። «መንበሩን የሚሸከሙት ቀን ነው።»

«እንዴት ያለ ነገር ነው! ሰው ጠርቼ፣ ጠላ ጠምቄ?»

«ከአራቱ አንዱ እኮ የላም ፊት ያለው ነው። በሬዎችዎን ያስቡ።»

ይህን የጨመርሁት ማንም ሳያስገድደኝ ነው። እሳቸው ደረታቸውን በመዳፋቸው መታ አደረጉ። «ኧረ ልጄ እንኳን ነገርኸኝ! ለረቡዕ አደርገዋለሁ» ብለው መርቀውኝ ሄዱ። ምርቃቱን ተቀብዬ ጎጆዬ ገብቼ ተኛሁ። እንቅልፌም አልተዛባም።

ማክሰኞ ጧት አመዳይ አልነበረም። ይህን የሚያውቅ ሰው ይደነግጣል፤ በኅዳር የሞቀ ጧት ደግ አይደለም። ከባልቴቷ ጎን የሚያርስ፣ የአምስት ልጆች አባት የሆነ ጎረቤታቸው ይህን አይቶ ኖሮ ገና ሳይረፍድ ደጃቸው ደረሰ። ነገሩን በኋላ ራሳቸው ነገሩኝ። «እትዬ፣ ከቆላው ጉም እየወጣ ነው፤ ዛሬውኑ እንጨድ። ሰው ባይመጣ እኔና ሚስቴ እናጭድልዎታለን» ቢላቸው፣ «በእኔ ማሳ ላይማ በአርባዕቱ እንስሳ ቀን ማጭድ አይገባም» አሉት። ሰውየው ለመናቸው፤ እንቢ አሉ። ቢቸግረው የራሱን አጭዶ ከምሮ በሣር ከደነው።

እኔ ተዝካር ቤት ነበርሁ። ዳሱ ጢም ብሏል። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ግድም ብርሃኑ ደፈረሰ፤ ከዚያ የዳሱ ጣሪያ ጠጠር እንደ ተደፋበት ይንኳኳ ጀመር። በረዶ ነው። ሥጋው አፌ ውስጥ ነበር። ባልቴቷ ትዝ አሉኝ፤ ትዝ ብለውኝም አኘክሁት፣ ዋጥሁት። ስለዚያ ቀን ከማስበው ሁሉ ይህ ያሳፍረኛል።

ሲያባራ ሮጥሁ። ማሳው ተኝቷል። ዛላው ተቆርጦ ጭቃ ገብቷል፤ በአገዳው መካከል በረዶው ገና አልቀለጠም። ባልቴቷ ድንበሩ ላይ ቆመው ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘዋል። ያለቅሳሉ ብዬ ነበር፤ አላለቀሱም። «ይሁን» አሉ። «እኔስ በቀናቸው አልነካሁም።» ቀጥለውም ቀና ብለው የጎረቤታቸውን ክምር አዩ። ያ አስተያየት ምን እንደሚያመጣ ያኔ አልገባኝም።

ረቡዕ ጉሙ ከቆላው ወጥቶ ተዳፋቱን ዋጠው፤ ሰው ከደጁ ማዶ አይታየውም ነበር። ወሬው ግን መንገድ አልጠፋውም። በረዶው የወረደው ያ ሰው በአርባዕቱ እንስሳ ቀን ስላጨደ ነው አሉ። ሐሙስ ሚስቱ ውኃ ስትቀዳ ሴቶቹ እንስራዋን የሚያሸክም እጅ ነፈጓት። ዓርብ ሌሊት ጠንካራ ውርጭ ወርዶ የተረፈውን እርጥብ ዛላ አጠቆረው፤ ያም በእሱ ሒሳብ ተጻፈ። ከአፍ የወጣ አፋፍ ማለት ይህ ነው። ያወጣው አፍ ደግሞ የእኔ ነው።

ቅዳሜ ሚካኤል ነበር። የኔታ ለበዓሉ ወደ ከተማው ወጥተዋል። ፀሐዩ ምንም እንዳልተደረገ ፍንትው ብሎ ወጣ፤ ተናደድሁበት። ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሌዎች በቤተ ክርስቲያኑ አጸድ ከጥዱ ሥር ተቀመጡና ሰውየውን አቆሙት። «ሰማይ አይቼ አጨድሁ፤ ሰማዩም እንዳየሁት ሆነ፤ ወንጀሌ ምንድን ነው?» አለ። ደህና ተከራካሪ ነበር። የደብሩ ቄስ ከመጽሐፍ ይልቅ ከሞፈር ጋር የከረሙ ናቸውና «እንግዲህ ማኅሌትስ ይቆማል...» ብለው ወደ እኔ ዞሩ። ሁሉም ወደ እኔ ዞረ።

«አንተ የመጽሐፍ ሰው» አሉ አንዱ ሽማግሌ፣ «ይሠራል ወይስ አይሠራም?»

ሰውየውም አየኝ። «ይናገር» አለ። «የተማረ ሰው አይዋሽም። አይሠራም ካለ ጥፋቱ የእኔ ነው።»

አንዲት ቃል ብቻ ነበረች፤ «ይሠራል»። ብላት ባልቴቷ ማን እንዳጠፋቸው ያውቃሉ፤ መንደሩ ደጁን ይዘጋብኛል፤ የኔታ ያባርሩኛል። ባልቴቷ ከሴቶቹ መካከል ሆነው አንገታቸውን ይነቀንቁልኛል፤ አይዞህ ማለታቸው ነው።

«አይሠራም» አልሁ።

ሰውየው ሄዶ የቤተ ክርስቲያኑን ደፍ ተሳለመ። የክምሩን እኩሌታ ለባልቴቷ እንዲሰጥ ፈረዱበት፤ በማግስቱ ሰንበት ነውና ሰኞ ራሱ ተሸክሞ አደረሰላቸው። ባልቴቷ በዚያ ገብስ ክረምቱን ተሻገሩ፤ እኔም ብዙ ጊዜ በዚህ ልጽናና ሞክሬአለሁ። የእሱን ቤት ክረምት ግን አውቀዋለሁ። እህሉ ሐምሌ ሳይገባ አለቀ፤ ታላቂቱን ልጁን ምንጃር ዘመድ ዘንድ ሰደዳት። እዚያው አድጋ እዚያው ተዳረች።

ከብዙ ዓመት በኋላ ቅስና ተቀብዬ ወደዚያው ደብር ተመደብሁ። ባልቴቷ አርፈው ነበር። አንድ ጧት ያ ሰው ሸምግሎ፣ ጉልበቱ አብጦ፣ በምርኩዝ መጣና የንስሐ አባት ሁኑኝ አለኝ። የንስሐ ምስጢር አይወራም። የነገረኝ ግን ኃጢአት ስላልነበረ ምስጢርም አይደለም እያልሁ ራሴን አታልላለሁ። በሕይወቱ ከሠራው ሁሉ ያስቀደመው ያችን ማክሰኞ ነው።

«ገብሱን ሰጥተህ የለ፤ ይበቃሃል» አልሁት።

«ገብሱስ ለእሳቸው ነው» አለ። «ለእግዜር ምን ሰጠሁ? ቀኖና ይስጡኝ እንጂ አባቴ።»

አፌን ከፈትሁ። አጸዱ ውስጥ ከሁለታችን በቀር ማንም አልነበረም፤ የሚፈርድብኝ ሽማግሌም፣ የሚያባርረኝ መምህርም የለም። ሰውየው ቀና ብሎ ይጠብቀኛል።

«አርባ ስገድ» አልሁት።

ምርኩዙን ግንቡ ላይ አስደግፎ እዚያው ጀመረ። ከአሥር በኋላ ትንፋሹ እያጠረ ቁጥሩ ሲጠፋበት፣ እኔ ቆሜ ቆጠርሁለት።