ከጎተራው ጀርባ ያለው ማርሚታ

ዛሬ ጠዋት ቁራሌው በደጃችን ሲያልፍ፣ የማይረባ ብረት ካለ ላውጣለት ብዬ ከጎተራው ጀርባ እጄን ሰደድኩ። እጄ ቀዝቃዛ ቱቦ ነካ። የተጠቀለለበት ጆንያ ተበልቶ ስለነበር ጣቶቼ ጥላሸት በጥላሸት ሆኑ፤ የዝገትና የተቃጠለ ዘይት ሽታ አፍንጫዬን ሞላው። ቁራሌው ውጭ ሆኖ «እሺ፣ አለ ወይስ የለም?» ይለኛል። እኔ ግን ጎተራውን ተደግፌ ቁጭ ብያለሁ።

የእህቴ መኪና ማርሚታ ነው። ማርሚታ ታውቃለህ አይደል? ከመኪናው ሆድ ስር የሚታሰረው፣ ጭሱ ከመውጣቱ በፊት የሞተሩን ጩኸት የሚያፍነው። ይኼኛው ግን እንዲያፍን አልተሠራም። እንዲያውም እንዲጮህ ተብሎ የተሠራ ነው፤ እዚሁ ደብረ ታቦር፣ ወደ ገሳይ በሚወስደው አስፋልት ዳር በነበረ አንድ የብየዳ ቤት።

እህቴ ከዓረብ አገር የተመለሰችው ከስድስት ዓመት በፊት፣ በግንቦት ነበር። ሰባት ዓመት ሰው ቤት ሠርታ ስትመጣ፣ እናቴ፣ ልጄ ቤት ትሠራለች፣ ታገባለች፣ ሱቅ ትከፍታለች ብላ ታልም ነበር። እሷ ግን ከአዲስ አበባ ቀለሟ የለቀቀ፣ ባለ ሁለት በር ቀይ የስፖርት መኪና እየነዳች ከች አለች። መኪናዋ በዕድሜ እኔን ትበልጠኝ ነበር። እናቴ ዞራ ዞራ አየቻትና «ይኼ ደግሞ ሰው ተኝቶ ነው እንዴ የሚገባበት?» አለች።

እኔና እናቴ የምንፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ተመልሳ እንዳትሄድብን። እህቴ ግን መቀመጥ አልቻለችም። ነገር ለማሳመር አይደለም እንዲህ የምልህ፤ እውነትም አትቀመጥም ነበር። ሰባት ዓመት የሰው ወጥ ቤት ውስጥ ቆማ ስትበላ ኖራ፣ ሞሰቡ ፊት በርጩማ ብናቀርብላትም አንድ ሁለት ጊዜ ቆማ ትጎርስና ወደ በሩ ትሄዳለች። «ኧረ ተቀመጪ ልጄ!» ትላታለች እናቴ። «እሺ እማ» ትላለች፤ አትቀመጥም። ሰው ስሟን በጠራ ቁጥር ያጠፋችው ነገር ያለ ይመስል ትደነግጣለች። ተደላድላ ስትቀመጥ ያየኋት መኪናዋ ውስጥ ብቻ ነው። እኔም ከጎኗ እገባና እንሄዳለን፤ የጉና ብርድና የእርጥብ ገብስ ሽታ በመስኮቱ ይገባል።

አንድ ቀን እየነዳች «ወጥ ቤቱ መስኮት አልነበረውም» አለችኝ። «የቤቱ ልጅ እንዲህ ያለ መኪና ነበረው። ሲወጣ በድምፁ እከተለዋለሁ፤ ከግቢው፣ ከማዞሪያው፣ እስከ ትልቁ መንገድ። እኔም አንድ ቀን እንዲህ እየተሰማሁ ነው የምወጣው እል ነበር።»

የእሷ መኪና ግን ዳገት ባየች ቁጥር የምታስል አሮጊት ነበረች። የብየዳ ቤቱ ባለቤት፣ በያጁ ጋ ወሰድናት። ስድሳ የተጠጉ፣ በወጣትነታቸው ከባድ መኪና የነዱ ሰው ነበሩ። ከስሯ ተንጋለው ገቡና «ይችማ ታፍና ልትሞት ነው» አሉ። «እዚህ ደጋ ላይ አየሩ ስስ ነው፣ ልጄ። መውጫው ዝጎ ተዘግቶ በምን አቅሟ ትውጣው?»

«እንድትጮህልኝም እፈልጋለሁ፣ ጋሼ» አለች እህቴ።

ቀና ብለው አዩዋት። «የሚመጣብኝ ሰው ሁሉ ጩኸቱን አጥፋልኝ ነው የሚለኝ» አሉና መጋዛቸውን አነሱ።

መጀመሪያ የገጠሙላት ቱቦ ከልክ በላይ ሰፊ ነበር። ገሳይ ሳንደርስ ዳገቱ ላይ ማጓራቱን ታጓራለች፣ መውጣቱን ግን አትወጣም። «ድምፁ የከባድ መኪና፣ ጉልበቱ የባጃጅ» ብዬ ስቀልድ በያጁ ተናደዱ። ቆርጠው ጣሉት። ጠበብ ያለ ቱቦ አምጥተው አሸዋ ሞሉበት፣ እንዳይጨማደድ በእሳት እያጋሉ አጎበጡት፤ ማርሚታውንም ከላሜራ ጠቅልለው በየዱ፣ ውስጡን የድስት ማጠቢያ ሽቦ ጠቀጠቁበት። ሦስት ቀን ፈጀባቸው። እህቴ ሦስቱንም ቀን እዚያው ደጃፋቸው ላይ ወዲያ ወዲህ ስትል ዋለች።

ሞተሩ ሲነሣ ደረቴ ውስጥ ነበር የተሰማኝ። ለቡሄ ጅራፍ የሚለማመዱ ልጆች ጅራፋቸውን ጥለው እየሮጡ ተከተሉን። እህቴ ሳቀች። ከመጣች ወዲህ ድምፅ አውጥታ ስትስቅ የሰማኋት ያን ቀን ነው።

እናቴ «ሰው ምን ይለናል» እያለች አማረረች። ግን አንድ ነገር አስተውያለሁ። አመሻሽ ላይ ድምፁ ከገሳይ በኩል መምጣት ሲጀምር፣ የያዘችውን ትታ ጆሮዋን ታቀናለች። «አሁን ዳገቱን ጨረሰች» ትልና ድስቱን ትጥዳለች። ከዚያ ደጅ ወጥታ ትቆማለች። እህቴ እስክትደርስ ወጡ ይሞቃል።

ነሐሴ ገባና ፍልሰታ ተያዘ። እናቴ ቀኑን ቅዳሴ ትውላለች፤ ቤተ ክርስቲያኑ ደግሞ አስፋልቱ ዳር ነው። አንድ ቀን የንስሐ አባታችን፣ ክፋትም ሳይኖርባቸው፣ ፈገግ እያሉ «ወንጌል ስናነብ የልጅሽ መኪና ይቀድመናል» አሏት። እናቴ በነጠላዋ አፏን ሸፍና ገባች። ያን ቀን እህል አልቀመሰችም።

ይኼኔ ነው እኔ አስታራቂ ሆኜ የተነሣሁት። ማን ጠርቶኝ? «እታለም፣ ለእማ ስትዪ አሮጌውን ማርሚታ መልሺው። ለፍልሰታ ብቻ» አልኳት። እምቢ ትላለች ብዬ ስንት ክርክር አዘጋጅቼ ነበር። እሷ ግን ወዲያው «እሺ» አለች። ነገሩ ያኔ ሊገባኝ ይገባ ነበር።

በያጁ ቅር እያላቸው ፈቱት። ጥግ ጥለውት የነበረውን አሮጌውን ጠጋግነው መልሰው ገጠሙ። የጩኸቱን ማርሚታ በጆንያ ጠቅልዬ ስሸከመው ገና ለብ ያለ ነበር። «ደህና አድርገሽ አስቀምጪልኝ» አለችኝ እህቴ። እናቴን ደስ ላሰኛት ነው ብዬ እየተፍነከነክሁ ቤት አስገባሁት።

በሦስተኛው ቀን እናቴ ከቅዳሴ፣ እኔም ከወፍጮ ቤት ስንመለስ መኪናዋ የለችም። መሸ። እናቴ በሩ ላይ ቆማ ታዳምጣለች። ድስቱ አልተጣደም። «እማ፣ ድምፁኮ ጠፍቷል፤ ብትመጣም አትሰሚያትም» አልኳት፣ ኮራ ብዬ። ወዲያው ግን ጓዳ ገብቼ የልብስ ሻንጣዋን ፈለግሁ። አልነበረም።

በማግስቱ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ጧፍ የምትሸጠው ሴትዮ ነገረችን። «በቅዳሴ ሰዓት መኪናዋን አቁማ ወረደች፣ ደጁን ተሳለመች። ብዙ ቆመች እኮ! ነጠላ ለባሹን ሁሉ አንድ ባንድ እያየች። ከዚያ መኪናዋ ውስጥ ገብታ ወደ ባሕር ዳር ሄደች። ሞተሩ መነሣቱን እንኳ አልሰማሁ።»

ከወር በኋላ ከዚያው ከዓረብ አገር ደወለች። መኪናዋን ባሕር ዳር ሸጣ ነበር የሄደችው። እናቴ አልቅሳ፣ መርቃ፣ ስልኩን ሰጠችኝ፤ ወደ ጓሮ ይዤው ወጣሁ።

«የቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ላይ ቆሜ፣ ምነው እማ ብቅ ባለች እያልኩ ነበር» አለችኝ። «ስመጣ ድምፁን ሰምታ ወጥታ ቢሆን ኖሮ፣ እቴ፣ አልሄድም ነበር።»

ይኼን ለእናቴ አልነገርኳትም። ስድስት ዓመት ሙሉ አፌ ላይ ይመጣና እውጠዋለሁ። ድምፁን ያስጠፋሁት እኔ ነኝ።

ቁራሌውን «የለም» ብዬ ሸኘሁት። ማርሚታውን በሌላ ጆንያ ጠቅልዬ ወደ ቦታው ስመልስ፣ ከገሳይ በኩል ማርሚታው የተበሳ አንድ መኪና እያጓራ መጣ። እናቴ ዘንድሮ ጆሮዋ ደክሟል፤ አጠገቧ ሆኜ ሁለቴ ሦስቴ ካልጠራኋት አትሰማኝም። ይኼን ግን ሰማች። ብድግ ብላ ድስቱን ጣደችና ደጅ ወጣች። መኪናው አልፎ ሄደ። በርጩማ ይዤላት ወጣሁ።

«ኧረ ተቀመጪ እማ!» አልኳት።

«እሺ ልጄ» አለች፤ አልተቀመጠችም።